ገብርኤል፣ ከመቶ አሥር እጅ

ሐሙስ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2003፣ ጁባ

የጥሩነሽ ገንዘብ ኒው ዮርክ ላይ ቆሟል። ምክንያቱን ጠዋት ቢሮ ነገሩኝ። መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ቀጥሎ አፈርኩ።

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ጥሩነሽ የማድርበት ሆቴል ባለቤት ናት። ቶንፒንግ ሰፈር ውስጥ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ብዙም ሳይርቅ፣ ከኮንቴይነር የተሠሩ አሥራ አራት ክፍሎች አሏት። ክፍሎቹ የእሷ ናቸው፤ መሬቱ ግን አይደለም። የባለመሬቱ የአቶ ላዱ ቤተሰብ የሚኖረው ናይሮቢ ነው። የአምስት ዓመት ኪራይ በዶላር፣ ናይሮቢ በሚገኘው ሒሳቡ፣ እስከ ፊታችን ረቡዕ ካልገባለት ቦታውን ለሌላ ሰው ይሰጣል። ውሉ እንዲህ ይላል። ረቡዕ ካለፈ አሥራ አራት ኮንቴይነር ጭና የምትሄድበት ቦታ የላትም።

ከጁባ ናይሮቢ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት አይሞላም። ዶላሩ ግን በዚያ አይሄድም። ኒው ዮርክ ያለ ወኪል ባንክ ዘንድ ደርሶ፣ ተፈትሾ ነው ወደ ናይሮቢ የሚመለሰው። ለሦስት ወር የቀጠረኝ ባንክ ይህን መንገድ አስተማማኝ ይለዋል። ብሮሹሩን የጻፍኩለት እኔ ነኝ፦ «ገንዘብዎ ያለ ስጋት ድንበር ይሻገራል።» በሠላሳ ዓመት የጋዜጣ ሥራዬ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ቢመጣልኝ ቀይ እስክርቢቶዬን አነሣ ነበር። ደመወዙ ግን ጥሩ ነው።

ጥሩነሽ ብሮሹሩንና የእኔን ምክር አመነች፤ ቡሉክ ሰፈር ያለውን ሐዋላ ትታ ባንክ መጣች። ቅጹ በእንግሊዝኛ ስለሆነ እኔ ሞላሁላት። አንዱ ጥያቄ፣ ከድርጅቱ ትርፍ የሚካፈል ሌላ ሰው አለ ወይ? ይላል። ካለ ስሙና ድርሻው ይጻፍ።

«አለ እንጂ! ገብርኤል ነዋ። ከመቶ አሥር እጅ» አለች፣ ምንም ሳታመነታ።

ነጋዴዎቻችን ሥራ ሲጀምሩ ታቦት ሸሪክ ያደርጋሉ። ትርፍ ሲገኝ የሸሪኩ ድርሻ ተነሥቶ ለቤተ ክርስቲያን ይገባል። የጥሩነሽ ሸሪክ መልአኩ ገብርኤል ነው። ይህን አሳምሬ እያወቅኩ «ገብርኤል፣ አሥር በመቶ» ብዬ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ሞላሁት። የተናጋሪን ቃል አልለውጥም ብዬ ነው። ደግሞም ቅጹን ንቄው ነው፤ ማንም አያነበውም ብዬ ነበር።

አነበቡት። የገንዘቡ መጠን ከፍ ሲል የባለድርሻዎቹ ስም አብሮ ይላካል። ኮምፒዩተሩ ላይ ባለው የአገሮች ዝርዝር ውስጥ ባለፈው ወር ነፃ የወጣችው ደቡብ ሱዳን ገና አልገባችምና አድራሻችን አሁንም «ሱዳን» ነው። ሱዳን ደግሞ የአሜሪካ ማዕቀብ አለባት። ስለዚህ ኒው ዮርክ የታየው ሰው ገብርኤል ይባላል፣ ሱዳን ይኖራል፣ የአባት ስም የለውም። ጥያቄ ልከዋል፦

– የአቶ ገብርኤል ሙሉ ስም
– የትውልድ ቀንና ቦታ
– የፓስፖርት ቅጂ
– የሀብቱ ምንጭ
– ከሱዳን መንግሥት ወይም ሠራዊት ጋር ያለው ግንኙነት

የመጨረሻዋን ብቻ መመለስ እችላለሁ። ሠራዊት አለው፤ የሱዳን ግን አይደለም።

ለጥሩነሽ አልነገርኳትም። «ገንዘቡ ደረሰ ወይ?» ስትለኝ «ሊደርስ ነው» አልኳት።


ዓርብ፣ ነሐሴ 13

ሙሉ ቀን ስልጠና ላይ ዋልኩ። ርዕሱ የስጋት አስተዳደር ነው። አሠልጣኙ ትናንት ከለንደን ገባ፤ ነገ ይመለሳል። በስክሪኑ ላይ የትራፊክ መብራት አሳየን፦ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። እኛ ቀይ ነን። ሃያ ሰው «እኛ ቀይ ነን» ብሎ ማስታወሻው ላይ ጻፈ።

አራተኛው ሥዕል ላይ ጄኔሬተሩ ቀጥ አለና አዳራሹ ጨለመ። አሠልጣኙ «ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል?» ብሎ ጠየቀ። በስጋት ዝርዝሩ ውስጥ አርባ ነገር አለ፤ ናፍጣ ግን የለም።

በሻይ ሰዓት ለሥራ አስኪያጁ ለአቶ ፍስሐ የገብርኤልን ነገር አስረዳሁት። አልሳቀም። ቁም ነገረኛ መሰለኝና ትንሽ አከበርኩት። ለካ ተጠያቂ የሚሆነውን ሰው እየፈለገ ነው።

«ቀላል ነው» አለኝ። «ሸሪኩ ድርሻውን ለቆ ወጥቷል ብላ ትፈርም።»

«ሸሪኩ እኮ መልአክ ነው።»

«ይሁና። ለቆ ወጥቷል ትበል።»

ወደ ሆቴሉ ተመለስኩ። ጥሩነሽ ከውኃ ቦቴው ሹፌር ጋር በዋጋ እየተከራከረች ነበር። ቱቦው እየፈሰሰ፣ ሹፌሩ «ገሩሽ! ገሩሽ!» እያለ ለገንዘቡ እጁን እንደዘረጋ፣ ሁሉንም ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ገብርኤልን ከሽርክና አስወጣሁት ብዬ ልፈርም?»

«ወረቀት ላይ ብቻ ነው፣ ጥሩዬ።»

«ሁሉም ነገር ወረቀት ላይ ብቻ ነው፣ ጋሽ መኮንን። ትዳሬም ወረቀት ላይ ብቻ ነበር። ፍቺው ግን ቤቴን ይዞ ሄደ።» ወደ ሹፌሩ ዞረች፦ «አንተ ደግሞ ቡክራ! ነገ ብዬሃለሁ፣ ቡክራ!»

ቀጥላ ከኡጋንዳ ድንበር ጁባ የሚያመጣውን የኒሙሌን መንገድ ነገረችኝ። ወደዚህ ስትመጣ መኪናቸውን መሣሪያ የያዙ ሰዎች አስቆሟቸው። ያላት ገንዘብ በሙሉ ፔርሙስ ውስጥ ነበር። አንዱ ፔርሙሱን አንሥቶ ነቀነቀው። ሻይ ነው አለችው። መልሶ አስቀመጠው።

«ጠማኝ፣ ቅጂልኝ ቢል አልቆልኝ ነበር። ሳይጠማው እንዲቀር ያደረገው ማን ነው? የእናንተ ባንክ ነው?»

አትፈርምም። እኔም ደግሜ ፈርሚ አላልኳትም።


ቅዳሜ፣ ነሐሴ 14

ጋትሉዋክ ሆቴሉ ድረስ መጣልኝ። ባንኩ ውስጥ የሚላክ ገንዘብ የሚያጣራውን ክፍል የሚመራው እሱ ነው። ናስር ተወለደ፣ ኢታንግ የስደተኞች መጠለያ አደገ፣ አዲስ አበባ ተማረ። አማርኛው ከፍስሐ ይሻላል፤ ፍስሐ አማርኛ የሚናገረው እንግሊዝኛው ሲያልቅበት ነው።

ለኒው ዮርክ ማብራሪያ ጻፍን። እንደ ዜና አጭርና ደረቅ አደረግኩት። የተጠቀሰው ገብርኤል ሰው አይደለም። ክርስቲያኖችም ሙስሊሞችም የሚያውቁት መልአክ ነው። የሒሳቡ ባለቤት ከትርፏ አሥር በመቶውን በስሙ ለቤተ ክርስቲያን ትሰጣለች። በሒሳቡ ላይ ሥልጣን የለውም።

ጋትሉዋክ አነበበና «የመጨረሻውን እትዬ ጥሩነሽ ብትሰማህ ከክፍልህ ታስወጣሃለች» አለኝ።

«ክንፍ እንዳለው ልጨምር?»

«ኧረ ጋሼ! ያለ ቪዛ ድንበር ይሻገራል ብለው ሌላ ጥያቄ ያመጡብናል።» ከዚያ ሳቁን አቆመ። «ስማኝማ፣ እኛ ባንክ ገብርኤል የሚባሉ ስድስት ደንበኞች አሉ። ሁለቱ ሜጀሮች ናቸው። ኒው ዮርክ ያለው ልጅ የሚፈራው እነሱን ነው። አይፈረድበትም።»

ይፈረድበታል አልኩት። ሰው ፈርቶ ሲጠነቀቅ ይገባኛል። እነዚህ ግን የሚያስጨንቃቸው ገንዘቡ የማን መሆኑ አይደለም፤ ከሳጥኖቹ አንዱ ባዶ መቅረቱ ነው።

«አንተስ ሳጥኑን እንዲያ አድርገህ የሞላኸው ለምንድነው?» አለኝ።

ደብዳቤው ተላከ።


እሑድ፣ ነሐሴ 15

ሌሊቱን ዝናብ ሲጥል አድሮ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። ከቀትር በኋላ በሞተር ቡሉክ ሄድኩ። ጥሩነሽን ተዪው ያልኳት ሐዋላ፣ ከስልክ ካርድ መሸጫ ጀርባ ይገኛል። ሰውየው የድሬዳዋ ልጅ ነው። አንድ ወንበር፣ ሦስት ስልክ፣ አንድ ደብተር። ብሮሹር የለውም።

ናይሮቢ ያለው ሰውህ ለአቶ ላዱ ይክፈልልን፣ ገንዘቡ ከኒው ዮርክ ሲለቀቅ እንመልስልሃለን አልኩት።

«አቦ ጋሼ! ለታሰረ ሰው ዋስ እሆናለሁ። ለታሰረ ገንዘብ ግን አልሆንም» አለ። «ሰው ቢያንስ አምልጦ ይመጣል።» ከዚያ ደግሞ፦ «እሷ እኮ አራት ዓመት ደንበኛዬ ነበረች። ገንዘቧ አንድ ቀን ቀርቶባት ያውቃል? ምን አድርጌያት ነው የሄደችው?»

ምን እንዳደረጋት ነገርኩት። ምንም አላደረጋትም፤ እኔ ነኝ የመከርኳት።

ይህን እያልኩ ሳለ ከውስጠኛው ክፍል መጋረጃው ተገልጦ አንድ ሰው ወጣ። አቶ ፍስሐ ነው። በእጁ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ይዟል። ይህችን ወረቀት ማንም ያውቃታል፤ አዲስ አበባ ላለው ተቀባይ በስልክ የሚነገረው ቁጥር ነው።

«ለግል ጉዳይ ነው» አለኝ።

«ስጋቱን እያስተዳደርክ ነው?»

አልፎኝ ወጣ። መኪናው ውስጥ እስኪገባ ጫማውን ከጭቃው እያነሣ ሲዘል አየሁት። የድሬው ልጅ ደብተሩን ከደነ። ስለ ደንበኛ አያወራም። ባንኩ ውስጥ ይህን ምስጢር ጠባቂነት የሚሉበት ወረቀት አሥራ ሁለት ገጽ ነው።


ሰኞ፣ ነሐሴ 16

ፍልሰታ ተፈታ። ጠዋት ሆቴሉ ውስጥ የዶሮ ሽታ አለ፤ ሁሉም ደስ ብሎታል። መልሱ በአሥር ሰዓት መጣ።

ለማብራሪያችን ያመሰግናሉ። አቶ ገብርኤል የተፈጥሮ ሰው አለመሆናቸውን ተረድተዋል። ስለዚህ ጉዳዩ እንደ ድርጅት ይታያል። የድርጅቱ የምዝገባ የምስክር ወረቀትና የዳይሬክተሮቹ ስም ዝርዝር ይላክ። የሃይማኖት ድርጅት ሆኖ ስለተገኘም የስጋት ደረጃው ከፍ ብሏል።

ሁለቴ አነበብኩት። ገብርኤል ሰው በነበረ ጊዜ ቢጫ ነበር። መልአክ ሲሆን ቀይ ሆነ።

ፍስሐ ትናንት ያላየኝ መስሎ ሰላም አለኝ። «ጉዳዩን ወደ ላይ አስተላልፌዋለሁ» አለ። ወደ ላይ! የትኛው ላይ እንደሆነ ልጠይቀው ፈልጌ ተውኩት። አዳራሹ ውስጥ አሮጌውን የሱዳን ፓውንድ በአዲሱ ሊቀይር የመጣ ሕዝብ በጆንያ ይዞ ተሰልፏል። ፍስሐ እነሱን አይቶ «የገበያ ስጋት» አለ። ሰልፉ ላይ ያለችው ሴትዮ ግን የያዘችው ስጋት አይደለም፤ የዓመት የቲማቲም ሽያጯን ነው።

አመሻሽ ላይ አቶ ላዱ ለጥሩነሽ ደወለ፤ ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርጋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ክፉ ሰው አይደለም። ኡክቲ፣ እህቴ ይላታል። ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚከፈልላቸው አሁን ነው። ቦታውን የፈለገው ሌላው ሰውዬ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ጁባ ሸሪካት ሰፈር ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ረቡዕ ባንክ እስኪዘጋ እታገሣለሁ አላት። ስልኩን ዘጋችና ወጥታ ዘጠኙን ሠራተኞቿን አንድ በአንድ አየቻቸው።


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 17

ጠዋት በአንድ ሰዓት ጋትሉዋክ ደወለ። ሁለት ነገር አለኝ አለ። አንደኛ፣ አገሪቱ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ገብታለች፤ አድራሻው ሊስተካከል ይችላል። ሁለተኛ፣ አዲስ ቅጽ ከተፈረመ አሮጌው ይሰረዛል። በአዲሱ ላይ ባለድርሻ ከሌለ የሚጠየቅ ነገር የለም፤ ዛሬ ከተላከ ነገ ናይሮቢ ይገባል።

«እኔ ሙላ አልልህም፣ ጋሼ። የሚሞላው ሞልቶ ያመጣልኛል፤ እኔ አያለሁ» አለ። ጠንቃቃ ሰው ነው። ነውር አይደለም።

ቅጹን ክፍሌ ውስጥ ሞላሁት። ሌላ ባለድርሻ አለ ወይ? የሚለው ጋ ስደርስ ብዙ አልቆየሁም። «የለም» ብዬ ጻፍኩ። እንግሊዝኛው ከዚህም ያጥራል።

ጥሩነሽ ወጥ ቤት ነበረች። እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ምንድነው?»

«አድራሻሽን ማስተካከያ ነው። ደቡብ ሱዳን እንዲል።»

«ተመስገን፣ አገሯን አወቋት» ብላ ጣቴን ባሳረፍኩበት ፈረመች። አላነበበችም። የሚያነብላት እኔ ነኝ።

በሞተር ወስጄ ለጋትሉዋክ ሰጠሁት። ሠላሳ ዓመት የሰው ቃል አልለወጥኩም እል ነበር። መጀመሪያ ቃሏን ሳልለውጥ ጉድጓድ ከተትኳት፤ አሁን ለውጬ አወጣኋት። ከፍስሐ የምለየው በጫማዬ ብቻ ነው፤ የእኔ ጭቃ አይፈራም።


ረቡዕ፣ ነሐሴ 18

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ገባ። አቶ ላዱ ራሱ ደውሎ አረጋገጠ። አምስት ዓመት።

ጥሩነሽ እልል አላለችም። ወንበር ስባ ግቢው መሀል ተቀመጠች፤ አሥራ አራቱን በሮች አየቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አየህ? አልፈርምም አልኩ፤ አልፈረምኩም። ራሱ አስለቀቀው።»

ሠራተኞቹ አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ።

ፍስሐ ለዋናው መሥሪያ ቤት የላከውን ሪፖርት ጋትሉዋክ አሳየኝ። «ከፍተኛ ስጋት ያለበት ባለድርሻ በወቅቱ ተለይቶ እንዲወገድ ተደርጓል» ይላል። ፍስሐ ይህን አዲሱ ብሮሹር ላይ እንደ ምሳሌ እንዳስገባው ጠይቆኛል። ውሌ ነገ እንደሚያልቅ አስታወስኩት። ሊያራዝምልኝ እንደሚችል ነገረኝ። አመሰገንኩት፤ አልፈልግም አልኩት። በሦስት ወር ውስጥ የተናገርኩት ብቸኛ ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም።


ሐሙስ፣ ነሐሴ 19

ወርኃዊው የገብርኤል ቀን ነው። ጥሩነሽ ምሳውን ለእንግዶቹ ሁሉ በነፃ አደረገችው። ለኬንያዊው ጉድጓድ ቆፋሪም፣ ለሁለቱ የዕርዳታ ድርጅት ሴቶችም፣ ገንዘቡ እንዴት እንደተለቀቀ በዐረብኛም በእንግሊዝኛም እየተረከች ታቀርባለች። ታሪኩ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እያደገ ሄደ። እኔ ጋ ሲደርስ ኒው ዮርክ ያለው ልጅ ሕልም አይቶ ነበር።

ሰው ሲበተን ጠርቻት ነገርኳት። ቅጹ ምን እንደሚል፣ ማን እንደጻፈው፣ የመጀመሪያውንም ለምን እንዲያ እንደሞላሁት። ምንም አላስቀረሁም።

ትሪውን አስቀመጠች።

«አድራሻ ነው አላልከኝም?»

«አድራሻም ነበረው።»

«አድራሻም ነበረው!» አለች፣ የእኔን ድምፅ አስመስላ። ቆይታ፦ «ጋዜጣ ላይ እንዲህ ነበር የምትጽፈው?»

ቆማ ብዙ ደቂቃ ጠረጴዛውን ወለወለች፤ ንጹሕ ነበር።

«እኔ አልካድኩትም» አለች በመጨረሻ። «አንተ ነህ የካድክልኝ። ያወጣኸው አንተ ነህና የምታስገባው አንተ ነህ። ነገ አይደል የምትሄደው?»

ገብታ ፔርሙስ ይዛ ወጣች። ሰማያዊ፣ ክዳኑ የተሰነጠቀ፣ በፕላስተር የታሰረ። የዘንድሮው የሸሪኳ ድርሻ በሙሉ ውስጡ ነው።

«ቁልቢ ድረስ ነው። አዲስ አበባ ላለ ሰው ሰጠሁልሽ አትበለኝ። ራስህ ትሄዳለህ።»

«በሐዋላ ብልክስ? የድሬው ልጅ እኮ…»

«በእጅህ ነው ያልኩህ። ደግሞ ከጠየቁህ ሻይ ነው እንዳትል። ያ ለእኔ ነው የተፈቀደው። አንተ እውነቱን ትናገራለህ።»

ሒሳቤን ስከፍል የዛሬን ምሳ አልጨመረችብኝም። የትናንቱን ግን ጨምራለች።


ዓርብ፣ ነሐሴ 20

አውሮፕላን ማረፊያው። አዳራሹ እንደ ወትሮው ታፍኗል፤ ሻንጣ በሰው ራስ ላይ ያልፋል። ጥሩነሽ አልሸኘችኝም። ጋትሉዋክ እስከ በሩ መጣ። ፔርሙሱን አይቶ «ቡና ነው?» አለኝ። ነገርኩት። ጆሮውን በሁለት እጁ ያዘ። «ጋሼ፣ እኔ ምንም አልሰማሁም፤ ባንክ ነው የምሠራው» ብሎ እየሳቀ ሄደ።

ሰልፉ ላይ አንዲት ልጅ ቦሌ ስንደርስ የምንሰጠውን የውጭ ምንዛሪ ማስታወቂያ ቅጽ አደለችን። ፔርሙሱን ብብቴ ሥር ይዤ፣ ፊቴ ባለው ሰው ሻንጣ ላይ ወረቀቱን አስደግፌ እየሞላሁ ነው። ይህንንም ማስታወሻ እዚያው ሻንጣ ላይ ነው የምጽፈው። ስም፣ ሞላሁ። መጠን፣ ሞላሁ። ገንዘቡ የራስዎ ነው? አይደለም የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ።

የገንዘቡ ባለቤት ስም ይላል። ይህን ጊዜ ቅጹን አልናቅኩትም። ገብርኤል ብዬ ጻፍኩ፤ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ።

ቀጥሎ የባለቤቱ የትውልድ ቀን ይላል። ከፊቴ ሦስት ሰው ቀርቷል።